በጭራሮ ስም የሞተው

ጭራሮ መሞቱን ያወቀው ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ሳለ ነው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ዳቦ ሻጯ ከአንዲት ደንበኛዋ ጋር ወሬ ይዛለች። እሱም ሥራ ሲፈታ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ጣል አደረገ። አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፣ ማጣበቂያው እንኳ በቅጡ አልደረቀም። ወረቀቱ ላይ የራሱ ፊት አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለመታወቂያ የተነሳው፣ ዓይኑን አፍጥጦ የወጣበት፣ ጓደኞቹ «ተፈላጊው» እያሉ የሚስቁበት ፎቶ። ከላይ በትልልቁ «ለነፃነታችን የወደቀ ጀግና» ይላል። ከሥር ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። ቀብሩ እሁድ ስለሆነ ሕዝቡ ነቅሎ እንዲወጣም ይጠራል።

ሰው የራሱን የቀብር ጥሪ ሲያነብ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተማረው የለም። ጭራሮም ተራው እስኪደርስ ቆመ።

ዳቦ ሻጯ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

«ወንድምህ ነው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይ፣ አይደለም።»

«ቁርጥ አንተን! ነፍስ ይማር። ስንት ልስጥህ?»

«ሦስት» አለ ከልማዱ።

ሦስት ያለው በአንድ ክፍል ለሦስት ስለሚኖሩ ነው። ዳቦውን ታቅፎ ጥቂት እንደሄደ ግን እግሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሰሞኑን ክፍሉ ውስጥ የሚያድሩት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ከተቃውሞ ሰልፉ ቀን ጀምሮ አልተመለሰም። ሲወጣ ደግሞ የለበሰው ኮቱን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኮቱ መናገር ግድ ነው። ጭራሮ፣ ራዲዮና ሻምበል አንድ ክፍል የደረሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ጭራሮ ጭራሮ የተባለው እሳት ከሚያያይዙበት እንጨት ስለማይወፍር ነው። ራዲዮ ከነቃበት ሰዓት እስኪተኛ፣ አንዳንዴም ተኝቶ፣ አፉ ስለማይዘጋ። ሻምበል ደግሞ መታጠቢያ ቤት እንኳ ሲሄድ ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ። ሦስቱ ተዋጥተው ከሰልባጅ ተራ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ገዝተዋል። ለአንዳቸውም ልካቸው አይደለም፣ ለሦስቱም ግን ይሆናል። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ቁም ነገር ያለበት ሰው ያወርደዋል። ሥራ የሚለምን፣ መምህር ፊት የሚቀርብ፣ ሴት ልጅ የቀጠረ፣ ሁሉም በዚያ ኮት ነው። ኪሱም እንደ ኮቱ የጋራ ነው። እስክርቢቶ፣ ማበጠሪያ፣ መሀረብ፣ የሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ይከርማል። አንዳቸው መታወቂያ ጠፋኝ ቢል መጀመሪያ የሚበረበረው የኮቱ ኪስ ነው።

በሰልፉ ቀን ተራው የራዲዮ ነበር። አንድ ቤተሰብ ሴት ልጃቸውን ማታ ማታ የሚያስጠና ተማሪ ይፈልጋሉ ተብሎ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ለልጅቷ አባት የሚናገረውን ሁሉ ሲለማመድ ጆሯቸውን አደነቆራቸው። ሰልፍ መኖሩንም ልብ ያለው አይመስልም። ራዲዮ ፖለቲካ የሚያወራው ሌላ ወሬ ሲያልቅበት ነበር፣ ወሬ ደግሞ አልቆበት አያውቅም። ሰልፈኛው ጭራሮ ነው። ከፊት መስመር ገብቶ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ፣ ተኩስ ሲሰማም እንደ ሰው ሁሉ ሮጦ ተመልሷል። ራዲዮ ሲዘገይ ከሻምበል ጋር ሆነው «የልጅቷን አባት በወሬ ይዞት ነው፣ ሰውዬው ቤቱን ለቆ እስኪሄድ አይተወውም» ብለው ስቀዋል። በማግስቱም «ፈርቶ እናቱ ጋ ሄዶ ይሆናል» ብለዋል። የራዲዮ ስልክ ሰሞኑን ተሰብሮ ስለነበር የሚደውሉበት መንገድም አልነበረም።

ግድግዳው ላይ ያለው ፊት የጭራሮ ነው፤ የሞተው ግን ራዲዮ ነው። ከኪሱ የተገኘው መታወቂያ የጭራሮ ስለሆነ እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጭራሮ ማልቀስ እንዳለበት አወቀ። ሞከረም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የራዲዮን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረ። ምንም አልመጣም። ደረቱ ላይ በልጅነቱ ጥርሱን ሊነቅሉለት መርፌ ሲወጉት ድድ ላይ የሚሰማው ዓይነት ስሜት አለ፤ አንድ ቦታ እየተቆረጠ እንደሆነ ታውቃለህ፣ አያምህም። ከዳቦው አንዱን ቆርሶ አኘከና ወደ ክፍሉ ሄደ።

መጀመሪያ የደወለው ላሳደገችው አክስቱ ነው። ስልኩን ያነሳችው እያለቀሰች ነበር።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን ነህ?»

«እኔ ነኛ! አልሞትኩም።»

«ታዲያ ማን ግድግዳ ላይ ውጣ አለህ? ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴን ሞልቶታል እኮ! አሁን ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው?» አለችውና የምሯን ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ለራዲዮ እናት ሲደውል ምን እንዳላቸው አያስታውስም። የሚያስታውሰው እሳቸው «ማን? ማን ነው የሞተው? ስሙን ጥራ» እንዳሉት ብቻ ነው። ጠራላቸው።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያ ሄዶ ተቀበላቸው። በሌላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚተኩሱ ሴት ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የካውያ ጠባሳ በላይ በላዩ ተደራርቧል። አላለቀሱም። «ወዴት ነው?» ብቻ አሉት። መንገዱን ሁሉ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ሄዱ።

የከተማው ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ከኋላ በኩል፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። ጠባቂው የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ሳያንገላታቸው አስገባቸው። ራዲዮ ከነኮቱ ተኝቷል። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ አንድ ነገር ሊል ሲል የቆመ ይመስላል። እናቱ ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ የታጠፈውን የኮቱን ኮሌታ በመዳፋቸው ዳስሰው አቃኑት።

«ልጄ ነው» አሉ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ። ስሙን ይንገሩኝ።»

ነገሩት። ጠባቂው ራሱን አከከ። «እኔ ጋ የገባው በሌላ ስም ነው» አለና የጭራሮን ስም ከነአያቱ ጠራው።

«እሱማ እኔ ነኝ» አለ ጭራሮ።

ጠባቂው ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ ጭራሮ አየ። «እንግዲያ የቱ ነህ? የተኛኸው ነህ የቆምከው?» አለ፤ ቀልዱ የባለጌ መስሎ ስለታየው ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ እናቴ። እንዲያው ግራ ቢገባኝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱም ነኝ። ከጸጥታ ቢሮ ይለቀቅ ካልተባልኩ በዚህም ስም በዚያም ስም አላወጣውም። ካወጣሁ እኔም እዚሁ ነው የምተኛው።»

ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እናትየው እዚያ ተቀመጡ። ጭራሮ ማረፊያ ፈልጎ ሊወስዳቸው ቢል አልነሣም አሉ።

«በስሙ ልቅበረው» አሉት። «ከመንግሥትም ከማንም ሌላ ነገር አልፈልግም። አንተ ታውቀዋለህ፣ ተናግሮ የማይጠግብ ልጅ ነበር። በሰው ስም አፉን ዘግተው አያስተኙብኝም።»

«አመጣልዎታለሁ እናቴ» አለ ጭራሮ። ሲናገረው ቀላል መስሎት ነበር።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ወገኖቹ ነው። ወገኖቹ የሚባሉት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል የሚሰበሰቡ የንቅናቄው ሰዎች ናቸው። ጭራሮ ወደነሱ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ የመንግሥት ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ነበር። ቲሸርት ለብሶ መንገድ ጠርጓል፣ አዳራሽ ውስጥ መዳፉ እስኪቀላ አጨብጭቧል፣ ዛሬ የከተማው የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ የሆነው ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ነገ የእናንተ ናት» ብሎታል። ከዚያ መኖሪያቸው ውስጥ ውሃ ጠፋ። ለወራት ጠፋ። ማኅበሩ ግን በስብሰባ ላይ ውሃው ሌት ተቀን እንደሚወርድ ሪፖርት አቀረበ። ጭራሮ እጁን አውጥቶ «እኔ እኮ ከታጠብኩ ሰነበትኩ» ቢል አፍራሽ ተባለ። ያኔ ነው ልቡ የሸፈተው። የንቅናቄው ሊቀመንበር፣ አንደበቱ ማር የሆነ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ እጁን ጨብጦ «ነገ የኛ ናት» ሲለው አመነው። ልብ አላለም እንጂ ነገን ሁለት ጊዜ ነው የሰጡት፤ ዛሬን የሰጠው አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ሲያየው ተንደርድሮ አቀፈው። አለቀሰም፤ የእውነት እንባ ነው፣ የጭራሮን አንገት አረጠበው።

«እኛ እኮ አልቅሰንልህ አበቃን! አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ነው መታወቂያህን ፎቶ አንስቶ የላከልን። ወንድሜ! ተመስገን!»

ከዚያ እንባውን ጠረገ፣ ተነሥቶም በሩን ዘጋ። «ስትመጣ ያየህ ሰው አለ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እስከ እሁድ ማንም ሊያይህ አይገባም ማለቴ ነው።»

ጭራሮ ስለ ራዲዮ ነገረው፤ ስለ ኮቱ፣ ስለሚያስጠናት ልጅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለተቀመጡት እናት። ሊቀመንበሩ ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና አዳመጠ። ማዳመጥ ይችልበታል።

«ያሳዝናል» አለ። «በጣም ያሳዝናል። ግን ልጁ አባላችን አልነበረም። ሊያስጠና ሲሄድ ሞተ ብንል ማን ይወጣል? ሰው ከንፈሩን ይመጥና ቤቱ ይገባል።»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«እውነቱ የትም አይሄድም። ስናሸንፍ እንጽፈዋለን። አሁን ግን ወረቀቱ ከተማውን ሞልቶታል፣ እሁድ ሺህ ሰው ይወጣል። ያልሞተ ሰው አሳይተን ሰልፉን ልናፈርስ ነው? ጠበቆቻችን አስከሬኑን እየጠየቁ ነው።»

«በኔ ስም?»

«በሰማዕቱ ስም።»

«እናቱስ?»

«ከፊት ትሄዳለች። የሰማዕት እናት ነች፣ ትከበራለች።»

«የኔ እናት ሆና?»

ሊቀመንበሩ ትከሻውን ያዘው። «ወንድሜ፣ የምንታገለው ለስም ነው እንዴ? ካልሰጡንም ባዶ ሳጥን እንቀብራለን። እንዲያውም ባዶው ይበልጥ ያስቆጣል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይኼን ነው። ጭራሮ መናደድ ይገባው ነበር፤ ባለፈው ወር ቢሆን ጠረጴዛውን ይገለብጥ ነበር። አሁን የታየው የሊቀመንበሩ የሸሚዝ ቁልፍ አንዱ ሊበጠስ በአንድ ክር መንጠልጠሉ ብቻ ነው። እሱን ሲያይ ቆይቶ ወጣ። ክፍሉ ሲደርስ ሻምበል የራሱን አልጋ ትቶ የራዲዮ አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሻምበልም የንቅናቄው ሰው ነው፣ ነገሩን ከሌሎቹ ሰምቶታል። «ሊቀመንበሩ ልክ ነው፣ እሁድን እንለፍ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ጭራሮን ለቅሶው አስቀናው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጸጥታ ቢሮ ሄደ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የኃላፊው ቢሮ ሰፊ ነው። የፕላስቲክ አበባ አለ፣ ሁለት ስልክ አለ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል። ኃላፊው በየግድግዳው የተለጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ነበር። ቀና ብሎ ጭራሮን ሲያይ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ሞተ የተባለው ይኼ ነው?! ቁጭ በል፣ ቁጭ በል የኔ ልጅ። የት ነው የማውቅህ?»

«ማኅበሩ ውስጥ ነበርኩ ጋሼ። መንገድ ስንጠርግ።»

«ጎበዝ ልጅ ነበርክ!» እንባውን በመሀረብ ጠረገ። «እግዜር ነው የላከህ።»

«ጋሼ፣ የሞተው ጓደኛዬ ነው። ሰልፍ ውስጥ እንኳ አልነበረም፣ ለሥራ ሲሄድ ነው የመቱት። እናቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጠዋል። ስሙ ይስተካከልና በስሙ ይቅበሩት፣ ሌላ የሚፈልጉት ነገር የለም።»

«በሰልፉ የሞተ ሰው የለም» አለ ኃላፊው። ሳቁ ሄዷል። «መግለጫ ሰጥተናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ አንድ ብል ነገ ስንት ደበቃችሁ ይሉኛል።»

«አስከሬኑ አለ እኮ ጋሼ።»

«አስከሬን አለ። የሞተ ሰው የለም።»

ባልዲው ውስጥ ውሃው ጠብ ሲል ይሰማል። ኃላፊው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው፤ ድምፁ የአባት ሆነ። «ስማኝ። ዛሬ ከሰዓት ቴሌቪዥን ትቀርባለህ። አልሞትኩም፣ ማንም አልሞተም፣ ወሬው ውሸት ነው ትላለህ። ነገ ጠዋት እናትየው ልጃቸውን ይወስዳሉ። የመኪና አደጋ ነው፤ በስሙ፣ በሰላም ይቀብራሉ። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ።»

«አልልም ብልስ?»

«አልልም ካልክ እንግዲህ ሞተሃል ማለት ነው። አስከሬኑም ያንተ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ቢሮዬ መጥቶ አቤት አይልም።»

አልሸሹም፣ ዞር አሉ። አንዱ ሙት ሁን ይለዋል፣ አንዱ የሞተ የለም በል ይለዋል፤ ሁለቱም የራዲዮን ስም አልጠየቁትም። ጭራሮ በደረጃው ሲወርድ ይኼን ልብ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ በአንዱ ኋላም በሌላው ቤት፣ «ሕዝቡ፣ ሕዝቡ» ሲባል ውሎ አድሯል። እነሆ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሞተና ስሙ ማን ነው ያለ ጠፋ።

እናትየው አግዳሚው ላይ እንዳሉ ናቸው። ጠባቂው ከክፍሉ ብርድ ልብስ አውጥቶ አልብሷቸዋል። ጭራሮ አጠገባቸው ተቀመጠና የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። እሳቸው የጠባሳቸውን ጠርዝ በጣታቸው እያሻሹ ሰሙት።

«በቴሌቪዥን ማንም አልሞተም ካልክ ይሰጡኛል?»

«ብለዋል።»

«በስሙ?»

«በስሙ።»

«እነዚያኞቹስ፣ ጓደኞችህ?»

«ከእንግዲህ አያናግሩኝም። ይተፉብኛል።»

እናትየው ቀና ብለው አዩት። ጭራሮ እንዲወስኑለት ጠበቀ። «እሺ በል» ቢሉት ይቀለው ነበር፣ «ተው» ቢሉትም ይቀለው ነበር።

«እኔ ምን ልበልህ ልጄ» አሉት። «እኔ ቀብሬ እሄዳለሁ። እዚህ የምትኖረው አንተ ነህ።»

ተነሥቶ ሄደ። ጥሩ ነገር የሚሠራ ሰው እርምጃ አልነበረም፣ መጥፎ የሚሠራም አልነበረም። እግሩ ስለሄደ ነው የሄደው።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ አንዲት ልጅ ፊቱን ዱቄት ቀባችው። «እንዴት ከሳህ!» አለችው። ጋዜጠኛው ሸሚዙን አስተካከለለት፣ ፈገግ እንዲልም መከረው፤ «ከሞት የተነሣ ሰው እኮ ነህ!» ብሎ ራሱ ሳቀ። መብራቱ በራ። የመጀመሪያው ጊዜ ጭራሮ «እኔ አልሞትኩም» አለና ቀጥሎ ያለው ጉሮሮው ላይ ቀረ። ደግመው ቀረጹት። ሁለተኛው ላይ «ማንም» ብሎ አሳለው። ውሃ ሰጡት። ሦስተኛው ላይ ምላሱ ለመደችው፤ «እንደምታዩኝ በሕይወት አለሁ። ማንም አልሞተም» አለ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ። ካሜራ ያዡ አውራ ጣቱን አሳየው። ሲወጣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጨበጠው፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ አለው።

ኃላፊው በቃሉ ተገኘ፤ ይኼን መካድ አይቻልም። እሁድ ጠዋት ጠባቂው ስሙን አስተካክሎ አስከሬኑን አስረከባቸው። የጭነት መኪና ተከራይተው ሳጥኑን ኋላ ጫኑ፤ እናትየውና ጭራሮ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መቃብሩ ከከተማው ዳር ነው። ዋናው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ግን መንገዱ በሰው ተዘግቷል።

የጭራሮ ቀብር እያለፈ ነበር።

በሱ ሕይወት ውስጥ እንዲህ ሰው የሞላበት ቀን የለም። ፊቱ በየእንጨቱ ላይ ተሰቅሎ ያልፋል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ አንዳንዱ ዝናብ የነካው፣ ሁሉም ያፈጠጠ። ከፊት ከፊት ባዶውን ሳጥን በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ባዶ መሆኑ እንዳያስታውቅ ከባድ እንደሆነ ሁሉ ጎበጥ ብለዋል። «በቴሌቪዥን የቀረበው አስመሳይ ነው!» የሚል ጨርቅ የዘረጉ አሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ «ጀግና!» ይላል፣ ሕዝቡ «አይሞትም!» ብሎ ይመልሳል።

ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሻምበል ነው። መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ዞር አለና በመስኮቱ ጭራሮን አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ሻምበል ወደ መኪናዋ ኋላ፣ ወደ ሌላው ሳጥን አየ። ትከሻው ላይ ያለው ሳጥን አዘመመ፣ እርምጃው ተሳሳተ፤ ከኋላው ያለው ገፋ አደረገው። ፊቱን መለሰና «አይሞትም!» እያለ ከሌሎቹ ጋር አለፈ። ጭራሮ መስኮቱን ዘጋው።

«የማን ቀብር ነው?» አለ ሾፌሩ፣ መሪው ላይ ተደግፎ። «ልጁ አልሞተም ተብሎ ማታ በዜና ወጣ አይደል እንዴ?»

መንግሥት ማንም አልሞተም ይላል፣ ሰልፈኛው ጀግና አይሞትም ይላል፤ ራዲዮ ከኋላ ተኝቶ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞለት ዝም ያለበት ጊዜ የለም።

መቃብሩ ላይ የነበሩት እነሱ፣ ሾፌሩና ሁለት ቆፋሪዎች ናቸው። ሾፌሩ ነገሩ ሲገባው ኮፍያውን አውልቆ ሳጥኑን ለማውረድ አገዘ። ከቆፋሪዎቹ ሽማግሌው እንጨቱ ላይ በቀለም ሊጽፍ ብሩሹን ይዞ «ማን ልበል?» አለ። እናትየው ነገሩት። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ ጮክ ብለው ነገሩት፤ ሽማግሌው ጆሮው ደህና ነው፣ እሳቸው ግን ደገሙለት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እናትየው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጭራሮም ተቀመጠ። አሁን፣ ሁሉ ነገር ካለቀ፣ ይመጣል ብሎ እንባውን ጠበቀ። አልመጣም። የሱ የነበረ አንድ ነገር ከዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከዚያ መብራት ሥር ቀርቷል፤ ሄዶ እንዳያመጣው ስሙን አያውቀውም። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ የራዲዮ እናት ግን ልጃቸውን በስሙ ቀብረዋል። በዚህ ሊጽናና ፈለገ።

«ትናንት አየሁህ» አሉት እናትየው። «ያ ጠባቂ ደግ ሰው ነው። ሰው የሚለውን ይስሙ ብሎ ክፍሉ አስገባኝ፣ ትንሽዬ ቴሌቪዥን አለችው።»

«እናቴ...»

«ቆይ። ልወቅስህ አይደለም። ቃልህን ጠብቀሃል፣ እግዜር ይስጥህ።» ከቀሚሳቸው ላይ አፈር አራገፉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር። «እንዲያው ስትናገር ፊትህ ደህና ነበር። ረጋ ብለህ፣ ቀጥ ብለህ እያየኸኝ፣ ማንም አልሞተም አልክ። እኔ ደግሞ ከዚያ ማዶ ልጄ እንደተኛ አውቃለሁ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ጭራሮ እንዳይቀጥሉ ሊለምናቸው ፈለገ።

«ለአፍታ አመንኩህ እኮ» አሉት። «ልደውልለት ስልኬን አውጥቼ ነበር።»